የፍቅር አባዜ፦ በልቦለድና በሕይወት

የፍቅር አባዜ የሚባለው አንድን ሰው ማሰብ ከቁጥጥር ውጭ ሆኖ እንቅልፍን፣ ምግብን፣ ሥራንና ትምህርትን ሲነሳ ነው። ለብቻው የበሽታ ስም አይደለም፤ ከድባቴ፣ ከጭንቀት ወይም ከሌላ የአእምሮ ሕመም ጋር ግን ሊመጣ ይችላል። አንዳንዱ ደግሞ በቅጡ የማያውቀው ሰው «ይወደኛል» ብሎ ያምናል፤ ቢነግሩትም አይቀበልም። ይህ ሐኪም ሊያየው የሚገባ ሕመም ነው።

ብዙ ወጣት ስለ ፍቅር የሚማረው ከልቦለድ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ወዲህ ርእሱ ራሱ እንደ መሐላ ይጠቀሳል። መጽሐፉን ያነበበ ግን በዛብህና ሰብለ ወንጌል ተፈቃቅደው እንደነበር፣ የለያያቸውም የዘርና የማዕረግ ልዩነት እንደሆነ ያስታውሳል። እምቢ ያለችን ልጅ ደጅ ላይ መጠበቅ ከዚያ ጋር አይገናኝም። ለአባዜው የሚቀርበው የሲሳይ ንጉሡ «ሰመመን» ነው፤ ተማሪው አቤል ትዕግሥትን ከሩቅ እያየ ሲብሰለሰል ትምህርቱም ጤናውም ይታወካል።

ጎጂው የፍቅር ታሪክ እምቢታን «እየፈተነችኝ ነው» ብሎ የሚተረጉም፣ የተከታተለና ያስፈራራ ሰው መጨረሻ ላይ የሚያሸንፍበት ነው። በሕይወት ግን ይህ መንገድ ዛቻ፣ ድብደባ፣ በአገራችንም አሲድ መድፋት ድረስ ሄዷል። «ወድጃት ነው» ማለትም አያድንም፤ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 587 ለጋብቻ ብሎ ሴትን መጥለፍ ከሦስት እስከ ዐሥር ዓመት ጽኑ እሥራት ያስቀጣል።

የሚከታተልዎት ሰው ካለ እምቢታዎን አንድ ጊዜ በግልጽ ይናገሩ፤ ከዚያ በኋላ መልስ አይስጡ። መልእክቶቹን አያጥፉ፤ ለቤተሰብና ለፖሊስ ያሳውቁ። «ካልመጣሽ ራሴን አጠፋለሁ» ካለ ለቤተሰቡ ይንገሩ እንጂ ብቻዎን ሊያጽናኑት አይሂዱ።

አምቦም ሆነ ጉደር ወይም ጊንጪ፣ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚጠረጥረው መስተፋቅርን ሊሆን ይችላል። ጠበል መጠመቅ ከሕክምና አይከለክልም፤ የሚጎዳው ሕክምናውን ማዘግየት፣ ይልቁንም የተጀመረ መድኃኒት ማቋረጥ ነው። ታማሚውን «በሴት ምክንያት!» እያሉ ማሾፍም ሕመሙን እንዲደብቅ ያደርገዋል። የምክር ሕክምና፣ ድባቴ ካለም መድኃኒት ይረዳል። የሚያፈቅሩትን ሰው ፎቶና ገጽ ደጋግሞ ማየት ማቆምም ቀላል ባይሆንም ይጠቅማል።

ስለ ሞት የሚያወራን ሰው ብቻውን አይተዉት። የተባይና የአረም መድኃኒት ከቤት ያውጡ፤ በዚያው ቀን በአቅራቢያ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይውሰዱት። ከዚያ ካስፈለገ አዲስ አበባ ወደሚገኘው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሪፈር ሊጻፍለት ይችላል።