ሻንጣ ያልገባ ቅቤ

እንግዲህ ጠጋ በሉና ስሙኝ።

ነገሩ የሆነው በ2016 ዓ.ም. ነሐሴ ማለቂያ፣ ኮልፌ፣ እናቴ ቤት ነው። ክረምቱ ገና አልወጣም፤ ዝናቡ ሌሊቱን ቆርቆሮውን ሲደበድብ ያድራል። ሳሎኑ መሀል ሁለት ሻንጣዎች ተከፍተው ተዘርግተዋል፤ አጠገባቸው ከጎረቤት የተዋስነው ሚዛን አለ። ለአንድ ሻንጣ የተፈቀደው 23 ኪሎ ነው። እናቴ ትከታለች፣ ታናሽ እህቴ ትመዝንና ቁጥሩን ጮክ ብላ ትጠራለች። «24 ተኩል!» በሶው ይወጣል። «23 ከ800!» ድርቆሹ ይወጣል፣ ከዚያ መጽሐፌ ይወጣና ድርቆሹ ተመልሶ ይገባል። በርበሬው ግን አይነካም። የማረቆ በርበሬ ነው፤ እናቴ በበጋው ራሷ ቀንጥሳ፣ ደልዛ፣ አስጥታ፣ ወፍጮ ቤት ተሰልፋ ያስፈጨችው።

ይህ የመጀመሪያ ጉዞዬ አይደለም። ሀንጋሪ አገር፣ ሴገድ በምትባል ከተማ የምግብ ምህንድስና እማራለሁ፤ ሁለት ዓመት ጨርሼ ለሦስተኛው ልመለስ ነው። አባቴ የታሪክ መምህር ነበርና የከተማዋን ስም በሰማ ቀን ፊቱ በርቶ ነበር። «ፋሲል ዓለም ሰገድ፣ ኢያሱ አድያም ሰገድ፤ የነገሥታት ስም ያላት ከተማ ገባልኝ» እያለ ነው ለሠፈሩ ያወራው። እስከ ዛሬም «ሴገድ» አይልም፤ «ሰገድ» ነው የሚላት።

መጀመሪያ የሚሄድ ልጅ የሚጎድልበትን አያውቅም። የሰጡትን ሁሉ ተቀብሎ፣ ተመርቆ፣ ተሳስሞ ይሄዳል። የሚመለስ ግን ያውቃል። ታኅሣሥ ላይ ጀምበር በ10 ሰዓት ስትጠልቅ የትኛው ሽታ እንደሚናፍቀው ያውቃል። ለዚህ ነው ሁለተኛው መሄድ ከመጀመሪያው የሚከብደው።

ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። በ2014 ጳጉሜ፣ መጀመሪያ ስሄድ፣ እናቴ ሁለት ኪሎ ንጥር ቅቤ በፕላስቲክ ዕቃ ሞልታ፣ በሦስት ፌስታል አስራ፣ በአሮጌ ነጠላ ጠቅልላ ልብሶቼ መሀል ቀብራው ነበር። አውሮፓ ያረፍኩ ጊዜ አንዲት የጉምሩክ ሠራተኛ ሻንጣዬን እንድከፍት ጠየቀችኝ። ሴትዮዋ ክፉ አልነበረችም። የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ የሚመጣ መንገደኛ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይዞ እንዳይገባ ይከለክላል፤ እንደ አፍተግር ያለ የከብት በሽታ በምግብ ተሳፍሮ እንዳይገባባቸው ነው። ነጠላውን ፈታች፣ ፌስታሉን ፈታች፣ ክዳኑን ከፍታ አሸተተችው። ትንሽ ቆየች። ከዚያ ከበስተኋላዋ ካለው ትልቅ ማጠራቀሚያ ውስጥ ጣለችው። ሲወድቅ ያሰማውን ድምፅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ነጠላውን አጣጥፋ መለሰችልኝ።

በማግስቱ እናቴ ደወለች። «ቅቤው በደህና ደረሰ?»

«ደርሷል እማዬ።»

«ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጠው። ለሰው ሁሉ አትበትነው።»

«እሺ።»

እንዲህ ብዬ ዋሸኋት። ውሸት ደግሞ አንዴ ከጀመሩት በየወሩ የሚከፈል ዕዳ ነው። «ገና አላለቀም?» ትለኛለች፤ «እየቆጠብኩ ነው» እላታለሁ። ሽሮዬን የምሠራው በሱፍ ዘይት ነበር።

የመጀመሪያውን ክረምት አገሬ አልገባሁም። የምማረው የሀንጋሪ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2013 በጀመረው ስቲፔንዲየም ሁንጋሪኩም በተባለ የነፃ ትምህርት ዕድል ነው። ትምህርቱ አይከፈልበትም፣ መኝታም አለኝ፤ የወር አበሌ ግን 43,700 ፎሪንት ነው፤ ከመቶ ዩሮ ብዙም አያልፍም። ለአውሮፕላን ትኬት መጋዘን ውስጥ ካርቶን ስጭንና ሳራግፍ ከረምኩ። ያን ክረምት አንድ ነገር አየሁ። ቡሄ፣ ነሐሴ 13፣ በእነሱ አቆጣጠር ኦገስት 19 ነው። ቀኑን ብቻዬን ዋልኩ፤ የጅራፍ ድምፅ የለ፣ ሆያ ሆዬ የለ። በማግስቱ ከተማው ሁሉ አደባባይ ወጣ። ኦገስት 20 የንጉሣቸው የቅዱስ እስጢፋኖስ በዓል ነው፤ በዚያ ቀን ከአዲሱ ስንዴ የተጋገረ ዳቦ ቀይ፣ ነጭና አረንጓዴ ጥብጣብ ታስሮለት ይባረካል፣ ይቆረሳል። አንዲት አሮጊት ቆርሰው ሰጡኝ። ሙልሙሉ አንድ ቀን ዘግይቶ የደረሰኝ መሰለኝና እዚያው ቆሜ እንባዬ መጣ። ማታ ለእናቴ ስለ ዳቦው ነገርኳት። እሷም ሰምታኝ ስታበቃ፣ «በቅቤ በላኸው?» አለችኝ።

በ2016 ሐምሌ ነው እንግዲህ የገባሁት። በገባሁ በጥቂት ቀን፣ ሐምሌ 22፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ሊጠይቀኝ የመጣ ሰው ሁሉ ቡናውን ይዞ ያሰላልኝ ነበር። «የእናንተስ ገንዘብ አሁን ስንት ገባ?» ይላሉ ጋሼ፣ የጎረቤታችን አባወራ። እህቴ ትኬቴን፣ እናቴ ዘይቱንና ጤፉን ታሰላለች። እኔ ለእናቴ ያመጣሁት ሹራብና የቸኮሌት ካርቶን ነበር። የሰው ዓይን ከዚያ የበለጠ ይጠብቅ እንደነበር ገብቶኛል፤ ብዙ ተማሪ ይህን ያውቀዋል፤ ስለዚህ አልፈዋለሁ።

ፍልሰታ ገባ፤ ሁለቱን ሳምንት ጾምን። ነሐሴ 16 ጾሙ ሲፈታ እናቴ ዶሮ ወጥ አቀረበች፤ ቅቤው ከላይ እንደ ወርቅ ተንሳፍፏል። አንድ ጊዜ ጎረስኩ። ሁለተኛውን መጉረስ አቃተኝ።

«እማዬ፣ ያ ቅቤ አልደረሰም» አልኳት።

«የቱ ቅቤ?»

«የመጀመሪያው። የዛሬ ሁለት ዓመት። ጉምሩክ ላይ ጣሉት።»

አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። እህቴ ሞሰቡ ላይ እጇን አቆመች። እናቴ ግን የጠየቀችኝ ያልጠበቅኩትን ነው። ለምን ዋሸኸኝ አላለችም። «ታዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ በምን በላህ?» አለች።

«በዘይት።»

ዝም አለች። ማዕዱ ከተነሳ በኋላም ዝም አለች። በማግስቱ ገበያ ወጥታ ሁለት ኪሎ ለጋ ቅቤ ይዛ ገባችና ከጓዳ ሆና ጠራችኝ፤ «ና ግባ እስቲ፣ እጅህን ታጠብ።»

እናቴ በሃያ ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ድስት ፊት ያቆመችኝ ያን ቀን ነው። ደብተሬን ይዤ ነበር የገባሁት። ምህንድስና ተማሪ አይደለሁ? መጠን ልጽፍ ነው። ቅቤው በለስላሳ እሳት ሲቀልጥ፣ አረፋው ሲነሳ፣ በማንኪያ ቀስ እያደረገች ገፈፈችው። ከዚያ ቅመሙን ደረደረች፤ ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ አብሽ፣ እርድ፣ በሶብላ፣ ነጭ አዝሙድ።

«ኮረሪማው ስንት ነው?»

«አንድ እፍኝ።»

«በማን እፍኝ?»

«በአንተ ነዋ። የምታነጥረው አንተ አይደለህ?»

ጻፍኩት። «ስንት ደቂቃ ይቆያል?» አልኳት። ማማሰያውን አስቀመጠችና ጆሮዬን ይዛ፣ በቀስታ፣ ወደ ድስቱ ሳበችኝ። «ስማ። አሁን ያወራል። ውሃ እስካለው ድረስ ያወራል። ዝም ሲል ታወርደዋለህ። ዝም ካለ በኋላ ካቆየኸው ያርርብሃል።»

ስሙኝ፣ ይህን ነገር እኔ ላቦራቶሪ ውስጥ ተምሬዋለሁ። ቅቤ ውስጥ ውሃ አለ፤ ውሃው ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ ሙቀቱ ከመቶ ዲግሪ አካባቢ ብዙ አይወጣም፤ ሲያልቅ ግን ወዲያው ያሻቅባል፣ ከሥር የዘቀጠውም ይከስላል። ይህን ሁሉ በቴርሞሜትር ለክቼ፣ በግራፍ ሥዬ፣ ፈተና ተፈትኜበታለሁ። እናቴ በጆሮዋ ነው የምታውቀው። እሷን እናቷ፣ እናቷን አያቷ እንዲህ ጆሮ ይዘው አስተምረዋቸው ይሆናል። ያን ዕለት የተሰማኝ ክብር በአስተማሪዎቼ ፊት እንኳ እንደዚያ ተሰምቶኝ አያውቅም።

ቅቤው እዚያው ኮልፌ ቀረ። ሻንጣዬ ውስጥ የገባው ደርቆ የተፈጨው ቅመም ነው፤ በትንንሽ ላስቲክ፣ በላዩ የእህቴ የእጅ ጽሑፍ አለበት። እህቴ መዘነችው። ግማሽ ኪሎ አልሞላም።

ነሐሴ 24፣ ዓርብ ሌሊት፣ ከቦሌ ተነሳሁ። አደይ አበባ ገና አልፈነዳም። የሀንጋሪ ዩኒቨርሲቲዎች የሚከፍቱት በሴፕቴምበር መጀመሪያ ነውና የእኛ ሰው ሁልጊዜ እንቁጣጣሽን ደጃፍ ላይ ትቶት ነው የሚሄደው። አባቴ ግንባሬን ስሞ «በሰላም ግባ» አለኝ። የምገባው ወዴት እንደሆነ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ጉምሩኩን ማንም ሳያስቆመኝ አለፍኩ፤ ልቤ ግን እንደ ሌባ ልብ ይመታ ነበር።

ከቡዳፔስት ሴገድ በባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነው፤ መንገዱ ሜዳ ብቻ ነው፣ የሱፍ አበባው አንገቱን ደፍቶ ደርቋል። ስደርስ ሲም ካርዴ ተዘግቷል። አምና የነበርኩበት ክፍል ለሌላ ተሰጥቷል፤ አዲስ ቁልፍ፣ አዲስ አንሶላ፣ አዲስ የፍሪጅ መደርደሪያ። ኔፕቱን በሚባለው የዩኒቨርሲቲው ሥርዓት ገብቼ «ዘንድሮም እማራለሁ» ብዬ ማረጋገጥ፣ ኮርስ መምረጥ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ማሳደስ አለብኝ። የመጀመሪያው ሳምንት በሰልፍና በፊርማ አለቀ።

ስለ ከተማዋ ግን ጥቂት ልበል፤ እወዳታለሁና። ቲሳ ወንዝ ዳር ናት። እ.ኤ.አ. በ1879 ወንዙ ግድቡን ጥሶ ከተማዋን ጠራርጎ ወሰዳት፤ ከ5,700 ገደማ ቤቶች 300 እንኳ አልተረፉም። ስትሠራ እንደ አዲስ ተሠራች፤ የደረሱላትን ከተሞች ውለታ ላለመርሳት የቀለበት መንገዷን የቪየና፣ የለንደን፣ የፓሪስ፣ የሮም ብላ ሰየመችው። ዩኒቨርሲቲዋም ስደተኛ ነው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? እ.ኤ.አ. በ1872 የተቋቋመው ዛሬ የሮማኒያ በሆነችው በኮሎዥቫር ነው፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አገሩ ለሌላ ሲሰጥ መምህራኑ ወጥተው በ1921 ሴገድ ገቡ። እዚያ ነው እኛን ያስጠለሉን።

ከሁሉ ልቤን የሚነካው ደግሞ በርበሬያቸው ነው። መስከረም ሲገባ ገበያው ይቀላል፤ በርበሬው በክር ተሰክቶ እንደ ዶቃ ይንጠለጠላል። ፓፕሪካ ይሉታል። የእነሱም የእኛም ዘሩ ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ነው፤ የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ የእነሱ በአብዛኛው አያቃጥልም እንጂ። በዚህችው ከተማ ያስተማረው አልበርት ሴንት-ጆርጂ እ.ኤ.አ. በ1932 አንድ ማታ ሚስቱ ለራት ያቀረበችለትን በርበሬ መብላት አላሰኘውምና ወደ ላቦራቶሪው ይዞት ሄደ፤ እኩለ ሌሊት ላይ በቫይታሚን ሲ የተሞላ ሀብት ማግኘቱን አወቀ። በ1937 ኖቤል ተሸለመ። ታሪኩን ራሱ ነው የተናገረው። እኔ ስሰማው ሁሉ የማስበው ግን በርበሬውን ስላቀረበችው ሴት ነው።

የ2017 እንቁጣጣሽ ረቡዕ ዋለ። ረቡዕ ጾም ነው፤ ደግሞም ከጠዋት እስከ ማታ ክፍል ነበረኝ። ስለዚህ ያለነው ሐበሾች ቅዳሜ፣ መስከረም 4፣ ልንሰበሰብ ተስማማን። ቅቤው የእኔ ድርሻ ሆነ።

ቅዳሜ ማለዳ ጨው የሌለው ቅቤ፣ ባለ 250 ግራም አራት ገዛሁ። ማሸጊያው ላይ 82 በመቶ ስብ ይላል። ቀሪው ምን እንደሆነ አውቃለሁ። የጋራው ማድ ቤት ምድጃ የኤሌክትሪክ ነው፤ እሳቱ አይታይም፣ ስታሳንሰውም ቶሎ አይሰማህም። መስኮቱን ሁሉ ከፈትኩ። ቅቤው ሲቀልጥ አረፋውን ገፈፍኩ፣ ኮረሪማውን በራሴ እፍኝ ለካሁ። ሽታው ኮሪደሩን ሞላው። የክፍል ጓደኛዬ ዮርዳኖሳዊ ነው፤ ከእንቅልፉ ተነስቶ ባዶ እግሩን መጣና በሩ ላይ ቆመ። «ሰምነህ» አለ፤ በቋንቋቸው ንጥር ቅቤ ማለት ነው። «እናቴ ናት» አለኝ ቀጥሎ። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

ስልኬን አንስቼ ደወልኩ። እናቴ ፊቷ ስክሪኑን ሞልቶ ብቅ አለ፤ ከኋላዋ ፀሐይ ነው፤ ክረምቱ ወጥቷል።

«እማዬ፣ እያነጠርኩ ነው። ቀለሙን ላሳይሽ?» ካሜራውን ላዞር ስል፣

«ተው፣ ቀለም አይደለም» አለች። «ስልኩን አስጠጋልኝ።»

አስጠጋሁት። እሷም በበኩሏ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው፤ ስክሪኑ ጨለመ፤ የሚታየኝ የጆሮዋ ጌጥ ብቻ ነበር።

«ያወራል» አለች።

ጠበቅን። ዮርዳኖሳዊው ምንም ሳይገባው ትንፋሹን ዋጠ።

«አሁንም ያወራል። አትቸኩል።»

ጫጫታው እየሳሳ ሄደ። መጀመሪያ እንደ ዝናብ ነበር፣ ቀጥሎ እንደ ጠፈጠፍ፣ ቀጥሎ አልፎ አልፎ አንድ ጠብታ። ከኮልፌ በኩል የዶሮ ጩኸትና የእህቴ ሳቅ ይሰማኛል። ከዚያ ድስቱ ጸጥ አለ።

«አውርደው» አለችኝ።