ሪፖርቱ ቁጥር፣ ቁጥሩ ሰው

የኮሪያ ጦርነት በጥይት ብቻ ሳይሆን በየዕለቱ ሪፖርትም የተካሄደ ጦርነት ነው። ሻለቃው ለክፍለ ጦሩ፣ ክፍለ ጦሩ ለበላዩ እያለ ዜናው ቶኪዮ ካለው የጄኔራል ማክአርተር መምሪያ ይደርሳል፤ ከዚያም ዋሽንግተን። ጠላት የት ደረሰ? ስንት ሞተ? ስንት ተማረከ?

ጣጣው ሪፖርት ወደ ላይ ሲወጣ አለቃ መስማት የሚወደውን መምሰሉ ነው። በጥቅምት 1943 ዓ.ም. (ኦክቶበር 1950) ኡንሳን አካባቢ የተማረኩ ወታደሮች ቻይናውያን መሆናቸውን በአንደበታቸው ተናገሩ። ቶኪዮ ግን ነገሩን አቃለለው፤ በአስር ሺዎች ብቻ ገመታቸው። ተራራው ውስጥ የተደበቁት 300 ሺህ ገደማ ነበሩ! ማክአርተር ኅዳር 15 ቀን «ጦርነቱን እንቋጭ» ብሎ ወደ ፊት ገፋ። በማግስቱ ቻይናውያኑ ወረዱበት፤ በታኅሣሥ መጨረሻ ሴኡል ዳግም ተለቀቀች።

የእኛው ቃኘው ሻለቃ የደረሰው ከዚህ በኋላ፣ በ1943 ዓ.ም. ጸደይ ነው። ከአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ጋር ስለተሰለፈ የእሱም ውሎ በየማታው እዚያው ሪፖርት ላይ ይሰፍር ነበር። ከ120 በላይ ልጆቻችን በዚያ ጦርነት ወደቁ። እያንዳንዳቸው በዕለቱ ወረቀት ላይ አንድ ቁጥር ነበሩ፤ አዲስ አበባ ግን እናት ነበራቸው። እንግዲህ «ሁኔታው የተረጋጋ ነው» የሚል ሪፖርት ስናነብ፣ ለማን እንደተረጋጋ እንጠይቅ።