ጀርባው የት ሄደ?

(ትንሽ ረዘም ይላል። ኔትወርክ እያለ አንብቡት።)

የሰርግ ወቅት ሲመጣ እዚህ ጊዳ አያና በየሻይ ቤቱ የሚነሳው ክርክር አንድ ነው። ካሜራማን ከነቀምቴ ይምጣ ወይስ ጥሩ ስልክ ያለው ዘመድ ይቅረጸው? የስልክ ወገኖች «አሁን ስልኩም ጀርባውን ብለር ያደርገዋል፣ ምኑ ይለያል?» ይላሉ። የካሜራ ወገኖች ደግሞ «ይለያል እንጂ! ዓይን ያለው ያውቀዋል» ብለው ይመልሳሉ። አንድ ነገር ላይ ግን ሁለቱም ተስማምተዋል፤ ጀርባው መደብዘዝ አለበት። እኔን የሚገርመኝ ይሄ ስምምነት ነው። ለመሆኑ ከመቼ ጀምሮ ነው ከሰው ጀርባ ያለው ነገር ሁሉ መጥፋት ያለበት የሆነው?

ነገሩ አዲስ ይመስላል እንጂ ከእኛ አገር ታሪክ ጋር ከተገናኘ 150 ዓመት አልፎታል።

አጼ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ከሰዉ በኋላ እንግሊዞች የሰባት ዓመቱን ልዑል ዓለማየሁን ይዘውት ሄዱ። በዚያው ክረምት፣ አይል ኦፍ ዋይት በሚባለው ደሴት፣ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባል ሴት ፎቶ አነሳችው። ፎቶዎቹን ብዙዎቻችሁ አይታችኋቸዋል። ያ ትክዝ ያለ የልጅ ፊት ከዓይን አይጠፋም። ከጀርባው ግን የሚታይ አገር የለም። ቤት የለም፣ ዛፍ የለም፣ የት እንዳለ የሚናገር ምንም ምልክት የለም።

ካሜሮን በዚህ ለስላሳ ብዥታ ዛሬ በዓለም የታወቀች ናት። በዘመኗ ግን በዚሁ ነገር ነበር የምትሰደበው፤ «ሌንሱን ማስተካከል አታውቅም» ይሏት ነበር። ካሜራዋ 30 በ38 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ የመስታወት ሰሌዳ የሚይዝ ትልቅ ሳጥን ነበረ፤ አንድ ፎቶ ለማንሳት ሰውየው ደቂቃዎች ሳይንቀሳቀስ መቀመጥ ነበረበት። ብዥታው የመጣው ከዚያ ትልቅ መስታወትና ከዚያ ትልቅ ሌንስ ነው።

በዚያው ዘመቻ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጡ የመሐንዲስ ክፍል ፎቶ አንሺዎችም ነበሩ። እነሱ ሥራቸው ሥነ ጥበብ አልነበረም። ሰፈሩን፣ መንገዱን፣ ተራራውን፣ እስረኞቹን ከፊት እስከ ኋላ ጥርት አድርገው አነሱ። ለወታደር ጉዳይ ነው ያነሱት፣ ለእኛ ብለው አይደለም። ሆኖም ዛሬ ያ አገር በ1860 ምን ይመስል እንደነበር ማየት የሚፈልግ ሰው የሚሄደው ወደ እነሱ ፎቶዎች ነው። የልጁን ሐዘን ማየት የሚፈልግ ደግሞ ወደ ካሜሮን። ሁለቱም ያስፈልጉናል። አንዱ ብቻ ቢቀርልን ኖሮ ግን ምን እናጣ ነበር?

እስኪ የብዥታውን ምስጢር በቀላሉ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም የሻይ ቤቱ ክርክር የሚፈታው እዚህ ላይ ነው። ጀርባውን የሚያደበዝዘው የካሜራው ዋጋ አይደለም፣ ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ ስፋት ነው። ካሜራማኖቻችን የሚወዱት 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ አለ፤ ላዩ ላይ 1.8 የሚል ቁጥር አለው። 50ን ለ1.8 ስታካፍሉት ቀዳዳው ወደ 28 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ የአንድ ብር ሳንቲም ያህል ማለት ነው። ስልካችሁም ላይ 1.8 ተጽፎ ታዩ ይሆናል። የስልኩ ሌንስ ትክክለኛ ርዝመት ግን ከአራት ከአምስት ሚሊ ሜትር ብዙም ስለማይበልጥ ቀዳዳው ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። ከምስር ፍሬ ያንሳል። ቁጥሩ አንድ፣ ቀዳዳው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። በምስር ፍሬ ቀዳዳ የገባ ብርሃን ሙሽራዋንም፣ ከኋላዋ ያለውን ድንኳንም፣ ከድንኳኑ ኋላ ያለውን ባሕር ዛፍም እኩል ጥርት አድርጎ ያሳያል። የስልክ ተፈጥሮው ሁሉን ማሳየት ነው። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ወደ አገራችን ፎቶ ቤቶች እንምጣ። በአጼ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥቱ ፎቶ አንሺ አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን ነበር፤ ከእሱ በኋላም ልጆቹ ሥራውን ይዘው እስከ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ዘለቁ። ፎቶ መነሳት መጀመሪያ የመኳንንት ጉዳይ ነበር። እየቆየ ፎቶ ቤት በየከተማው ተከፈተና ተራው ሰውም ደረሰው። እኛ ዘንድ በኦሮምኛ ፎቶ «ሱራ» ይባላል፤ ቃሉ ከአረብኛ ምስል ከሚለው የመጣ ነው። ሱራ ለመነሳት የሚሄድ ሰው ያለውን ምርጥ ልብስ ለብሶ፣ ፀጉሩን አበጥሮ፣ ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው የተቀባ ሸራ ፊት ይቆማል። ሸራው ላይ ፏፏቴ አለ፣ የፈረንጅ አበባ አለ፣ አንዳንዴ ያላየነው ከተማ ፎቅ አለ። የአባቶቻችንን አልበም ገልጡ፤ ግማሹ ሰው ፏፏቴ ጥግ ነው የቆመው። እንግዲህ ጀርባን መደበቅ ብለር አልጀመረውም። ሰውየው ሳሩን ቤቱንና ጭቃውን ለፎቶው አልፈለገውም። አልፈርድበትም። በ36 ፎቶ ፊልም ላይ፣ እሱም ታጥቦ እስኪመጣ ሳምንት በሚጠበቅበት ጊዜ፣ ሰው ራሱን ማሳመር ቢፈልግ ምን ይገርማል?

ከዚያ ቪዲዮ መጣ፤ ለእኔ የታሪኩ እምብርት ይሄ ነው።

በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ ወደ ወለጋ ከተሞች የገቡት የትከሻ ቪዲዮ ካሜራዎች የብርሃን መቀበያቸው (ሴንሰር የሚባለው) በጣም ትንሽ ነበር። በዚህ ነገር የዛሬው ስልክ ዘመዶች ናቸው። ስለዚህ ቀራጩ ፈለገም አልፈለገም ሁሉም ነገር ጥርት ብሎ ይገባል። ጥራቱ እንኳን በዛሬ ዓይን ያሳዝናል። በኋላ የመጣው ሚኒ ዲቪ እንኳ አንዱ ምስል 720 በ576 ነጥብ ብቻ ነው፣ በድምሩ አራት መቶ ሺህ ገደማ። የቪኤችኤስ ካሴቱ ከዚያም ይብሳል። የዛሬ ፎር ኬ ስልክ አንዱ ምስል ከስምንት ሚሊዮን ነጥብ በላይ ነው፣ ሃያ እጥፍ።

ግን ያንን የድሮ ካሴት አጫውቱትና ተመልከቱ። እኔ የአንድ ዘመዴን ሰርግ በቅርቡ ወደ ፍላሽ አስገልብጬ አየሁት። ሙሽሮቹን ሁለት ደቂቃ አየኋቸው። ከዚያ በኋላ ዓይኔ ወደ ኋላ ነው የሄደው። አስፋልት ያልነካው መንገድ፣ ቆርቆሮና ሳር ቤት ጎን ለጎን፣ ዛሬ በሕይወት የሌሉ ሽማግሌዎች አጥር ተደግፈው ሲያወሩ፣ አንድ ሎንቺና አቧራ አስነስታ ስታልፍ፣ የእናቶች የፀጉር አሠራር፣ የሱቁ ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ጽሑፍ። ቀራጩ ይህን ሁሉ ልቅረጽ ብሎ አላሰበም። ካሜራው ማደብዘዝ ስለማይችል ብቻ ነው የተረፈው። አራት መቶ ሺህ ነጥብ አንድ ሙሉ ከተማ ይዛ ቆየች።

ከዚያ እ.ኤ.አ. በ2008 ካኖን ፋይቭ ዲ ማርክ ቱ የሚባለውን ካሜራ አወጣ። የፎቶ ካሜራ ነው፣ ቪዲዮም ይቀርጻል፤ ሴንሰሩ ደግሞ እንደ ድሮው ፊልም 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው። እስከዚያ ድረስ እንዲህ ያለ ብዥታ በውድ የሲኒማ ካሜራ ብቻ የሚገኝ ነበር። ከዚያ በኋላ በእኛም አገር ክሊፑም ሰርጉም መልኩ ተቀየረ። ጀርባው እንደ ቅቤ ቀለጠ፣ የመብራቱ ነጥብ ክብ ክብ ሆኖ ተንሳፈፈ። ሰው «ፊልም ይመስላል» አለ። እውነትም ያምራል፤ አልክድም። ብለር ማለት ጥራት ማለት ነው የሚለው እምነት ግን የተተከለው ያኔ ይመስለኛል።

ስልክ ሠሪዎች ይህን አዩ። ቀዳዳውን ማስፋት አይችሉም፣ ስልኩ ኪስ ውስጥ መግባት አለበት። ስለዚህ ብዥታውን በሒሳብ ሠሩት። አይፎን ሰቨን ፕላስ እ.ኤ.አ. በ2016 በሁለት ሌንስ፣ እንደ ሁለት ዓይኖቻችን፣ የቱ ቅርብ የቱ ሩቅ እንደሆነ እየገመተ «ፖርትሬት» ማንሳት ጀመረ። በዓመቱ የጉግል ፒክስል ቱ በአንድ ሌንስ ብቻ አደረገው፤ ሰው የቱ እንደሆነ ማሽኑ በብዙ ፎቶ ተምሮ ይለያል። በ2021 አይፎን 13 ወደ ቪዲዮ አመጣው። ዛሬ እዚህ ገበያ ላይ የምናገኛቸው ቴክኖዎችም ያደርጉታል። (በነገራችን ላይ የቴክኖ እናት ኩባንያ ትራንሽን እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ ስልክ ይገጣጥማል፣ ካሜራውንም ለጥቁር ፊት እንዲስማማ አድርጎ ማስተካከሉ ይነገርለታል። ድሮ የፈረንጅ ፊልም ለነጭ ፊት ተሠርቶ እኛን ጥላሸት ሲያስመስለን ለኖርን ሰዎች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።)

እንግዲህ ልዩነቱ ይኸው ነው። የካሜራው ብዥታ ብርሃኑ በመስታወት ሲያልፍ የሚሆን ነው፤ የስልኩ ግን ግምት ነው። ግምት ደግሞ ይስታል። የት እንደሚስት ለማየት ባህላችን ራሱ ጥሩ ፈተና ነው። ጎፈሬ ያለው ሰው አንሱ፤ የፀጉሩ ጠርዝ በመቀስ እንደተቆረጠ ይሆናል። የነጠላውን ዘርፍ እዩ፤ ግማሹ አለ፣ ግማሹ ተበልቷል። ጀበና የያዘች ልጅ አንሱና በጀበናው እጀታ መሐል ያለችውን ክፍተት ተመልከቱ፤ ዙሪያው ሁሉ ደብዝዞ እዚያች ቀዳዳ ውስጥ ግድግዳው ጥርት ብሎ ይቀራል። የእጣኑን ጭስማ ተዉት። ቪዲዮ ሲሆን ይህ ግምት በሰከንድ 30 ጊዜ ስለሚደጋገም የሙሽራዋ ትከሻ ጠርዝ እንደ ውኃ ይንቀጠቀጣል። የካሜራ ወገኖች «ዓይን ያለው ያውቀዋል» ሲሉ ይህን ማለታቸው ነው፣ ልክም ናቸው።

የስልክ ወገኖችም ግን ልክ ናቸው። ስልኩ ብለሩ ሲጠፋለት ለቀን ብርሃን ቪዲዮ ከበቂ በላይ ነው። የዚህች ከተማ የዛሬ ታሪክ እየተመዘገበ ያለው በካሜራ ሳይሆን በስልክ ነው። ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት 22 ቀን 2012 ዓ.ም. በወለጋ ዞኖች ኢንተርኔት፣ በአንዳንዶቹም ስልክ ጭምር፣ ተቋርጦ በቆየ ጊዜ እንኳ ሰው መላክ ባይችልም ማንሳት አላቆመም። በብሉቱዝ፣ በዘንደር፣ ከስልክ ስልክ ተላለፈ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ታውቁታላችሁ። ስንቱ ከቤቱ ተፈናቀለ። የማንን ወገን ጥፋት ለመቁጠር አይደለም ይህን የምጽፈው፣ ከሁሉም ወገን ሰው ቤት አጥቷል። ልነግራችሁ የፈለግሁት አንድ ነገር ነው፤ ተፈናቅለው የቆዩ ሰዎች ስልካቸውን ከፍተው ፎቶ ሲያገላብጡ አይቻለሁ። ሁለት ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው የሚያሰፉት የራሳቸውን ፊት አይደለም። ወደ ኋላ ነው የሚሄዱት። በሩን፣ የቡናውን ዛፍ፣ አጥሩን ይፈልጋሉ። ፎቶው በፖርትሬት የተነሳ ከሆነ እዚያ የሚያገኙት አረንጓዴና ቡኒ ጉም ነው። ስልኩ ቤቱን አይቶት ነበር። በዚያች በምስር ፍሬ ቀዳዳ ጥርት ብሎ ገብቶ ነበር። ከዚያ ሒሳቡ አጠፋው።

ነቀምቴ የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት ሙዚየም የሄደ ሰውም ይህን ያያል። ወጣቶች ያንን የመሰለ ሕንጻ ፊት ቆመው ይነሱና ሕንጻውን ብለር ያደርጉታል። ታዲያ እዚያ ድረስ ለምን ሄዱ? ፏፏቴ የተቀባበት ሸራ ይበቃቸው ነበር።

ለማንኛውም የሚሠራውን ልንገራችሁ። አይፎን ያላችሁ፣ በፖርትሬት ያነሳችሁትን ፎቶ «ኤዲት» ውስጥ ገብታችሁ ብለሩን ማጥፋት ትችላላችሁ፤ ጀርባው አልጠፋም፣ ተሸፍኖ ነው ያለው። ፒክስልም ዋናውን ጎን ለጎን ያስቀምጣል። በብዙ ርካሽ ስልኮች ላይ ግን የደበዘዘው ደብዝዞ ይቀራል፤ እዚያ ላይ ሁለት አንሱ፣ አንዱን በፖርትሬት፣ አንዱን በተራው። በቴሌግራም ስትልኩ «ፋይል» ብላችሁ ላኩ፤ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ያሳንሰዋል። ካሜራማን የቀጠራችሁ ደግሞ፣ ሙሽሮቹን እንደፈለገ ያድርግ፣ ግን ድግሱ ሳይጀመር አምስት ደቂቃ ቀዳዳውን አጥብቦ ግቢውን፣ ሰፈሩንና መንገዱን እንዲቀርጽላችሁ ንገሩት። ገንዘብ አይጨምርም።

ቤታችሁ የቪኤችኤስ ካሴት ያላችሁ ደግሞ፣ ጊዳ አያናም ሁን አንገር ጉትን፣ ቶሎ አስገልብጡት። ማግኔቱ በየዓመቱ እየደከመ ነው፣ ማጫወቻውም እየጠፋ ነው። በ1990ዎቹ የተቀረጸ የገበያ ቀን የሚታይበት ካሴት ያለው ሰው ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ ፍላሹን እኔ እገዛለሁ።