ቁመት ለክቶ የሚታደል ክኒን

መቼም ስለ ደቡብ ምዕራብ ሲወራ ወሬው ቡና ነው። ሚዛን ተፈሪ ሲባል በበቃ፣ ቴፒ ሲባል የቡና ተክል ልማቱ፣ ቦንጋ ሲባል "የቡና መገኛ"። ዝናቡን፣ ጫካውን፣ ማሩን እናውቃለን፤ ባናውቅም እናወራለን። እዚያው ጫካ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ገላውን ሲያክ የሚያድር ሰው እንዳለ ግን ስንቶቻችን ሰምተናል? "ማሳከክ ደግሞ በሽታ ነው እንዴ?" የሚለኝ አይጠፋም። ነገሩ ለረጅም ዓመታት የተዘለለው ልክ እንዲህ እየተባለ ነው።

በሽታው በሳይንስ ስሙ ኦንኮሰርካይሲስ ይባላል። ብዙው ዓለም የሚያውቀው "የወንዝ ዳር ዓይነ ስውርነት" በሚለው ስሙ ነው። አስተላላፊዋ ጥቁር ዝንብ ናት፤ ከቤት ዝንብ የምታንስ፣ በቀን የምትናከስ፣ እንቁላሏን በፍጥነት በሚወርድ ወንዝ ውስጥ የምትጥል። በወራጅ ውሃ ደግሞ ደቡብ ምዕራብን ማን ይስተካከለዋል! ዝንቧ የምታስገባው ትል ከቆዳ ሥር ጓጉሎ ከ10 እስከ 15 ዓመት ይኖራል። የሚያሳክከው ግን ዋናው ትል አይደለም፤ በዓይን የማይታዩት ልጆቹ ናቸው። በቆዳ ውስጥ እየተርመሰመሱ ያሳክካሉ፣ ዓይን ውስጥ ሲገቡ ያሳውራሉ።

በምዕራብ አፍሪካ ይኸው በሽታ ሰውን እያሳወረ ለም የወንዝ ዳር መሬት ባዶ አስቀርቷል። ስለዚህም እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የዓለም ባንክና የዓለም ጤና ድርጅት በሄሊኮፕተር ወንዞቹ ላይ መድኃኒት ሲያስረጩ ኖሩ። ወደ እኛ ሄሊኮፕተር አልመጣም። በእኛ አገር በሽታው ዓይን ላይ ሳይሆን ቆዳ ላይ ነው የበረታው። ቆዳ ይሻክራል፣ ይወፍራል፣ ቅልጥም ላይ እንደ ነብር ይዥጎረጎራል፤ የ20 ዓመት ወጣት የሽማግሌ ገላ ይለብሳል። ዕውር መንገድ ላይ ይታያል፣ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ ገንዘብ ያስለቅሳል። የሚያክ ሰው ግን ልብሱን አልብሶ ዝም ይላል።

ለመሆኑ በሽታው አልታወቀም ነበር? ታውቋል። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን፣ በ1939፣ በደቡብ ምዕራብ መኖሩን ደርሰውበታል። ከዚያ በኋላ ክኒኑ ጫካው ውስጥ መታደል እስኪጀምር ከ60 ዓመት በላይ አለፈ። እርግጥ ነው፣ ጥሩ መድኃኒት ያልነበረበት ጊዜ ይበዛል። ግን መድኃኒት ማጣቱ ብቻ አልነበረም።

ያ አገር ከሐኪም ጋር የነበረው ትውውቅ የመጣ ሄያጅ ትውውቅ ነው። ከ1960 እስከ 1962 በኦሞና በዴዴሳ ሸለቆዎች የተነሣው ቢጫ ወባ 100 ሺህ ያህል ሰው ይዞ 30 ሺህ ያህሉን እንደ ጨረሰ ይገመታል። በአፍሪካ ከተመዘገቡት የቢጫ ወባ ወረርሽኞች ሁሉ ትልቁ ነው። አዲስ አበባ ላይ ያን ያህል ሰው ሞቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬ በስሙ አደባባይ ይኖር ነበር። በ1960ዎቹ ደግሞ የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን ጎደሬ ላይ፣ በማጃንጎች አገር ሠፈረ፤ መድኃኒትም ትምህርትም ይዞ። አብዮቱ ሲመጣ የውጭ ሚሲዮኖች ወጡ፤ አገልግሎቱም አብሯቸው ሄደ። በ1971 የፈንጣጣ ዘመቻ ተጀመረ። በዚያ ዓመት ብቻ በመላ አገሪቱ ከ26 ሺህ በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ። ከታቢዎቹ በእግርና በበቅሎ፣ በኋላ በሄሊኮፕተርም እየዞሩ ነሐሴ 1976 ላይ የመጨረሻውን ሕመምተኛ አገኙ። ፈንጣጣ ጠፋ። ታላቅ ሥራ ነው፤ ማንም አይክደውም።

ነገር ግን ልዩነቱን ልብ ይሏል። የፈንጣጣ ክትባት የእንግዳ ሥራ ነው። አንዴ ትመጣለህ፣ ክንድ ትወጋለህ፣ ትሄዳለህ። ኦንኮሰርካይሲስ በእንግዳ አይድንም። ምክንያቱን ከማለፌ በፊት ግን ቴፒን ላንሣ፤ ማሳከክን ከቁም ነገር ያስቆጠረችው እሷ ናትና።

የቴፒ ቡና ልማት የደርግ ዘመን ሥራ ነው። ጫካው ተመነጠረ፣ ከደጋው አገር ሠራተኛ መጣ፣ ዝንቧም አዲስ ገላ አገኘች። ባያ በሚባለው የልማቱ እርሻ ላይ በሠራተኞች ላይ የተካሄደ ጥናት በ1993 ታተመ፤ በሽታው የሰውን የሥራ አቅም ምን ያህል እንደሚጎዳ የሚመረምር ነበር። በ1997 ደግሞ የዓለም ባንክ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች የቴፒን ሠራተኞች የደመወዝ መዝገብ ይዘው ተቀመጡ። ቆዳው የታመመ ቋሚ ሠራተኛ የቀን ገቢው ካልታመመው ከ10 እስከ 15 በመቶ ያንስ ነበር። አሳዛኝ አስቂኝ የምለው ይህንን ነው። ሰውዬው እንቅልፍ ማጣቱ፣ ልጅቷ በቆዳዋ ምክንያት ባል ማጣቷ ማንንም አላንቀሳቀሰም። የጎደለው የቡና ኪሎ ግን ተሰማ።

መድኃኒቱ አይቨርሜክቲን ነው። መነሻው ጃፓን ውስጥ ከአንድ የጎልፍ ሜዳ አጠገብ የተዘገነ አፈር ነው፤ በአፈሩ ውስጥ የተገኘው ተሕዋስ ያወጣው ንጥረ ነገር መጀመሪያ የከብት መድኃኒት ሆነ። ሳቶሺ ኦሙራና ዊልያም ካምቤል በ2015 የኖቤል ሽልማት ያገኙት በዚህ ነው። መርክ የተባለው ኩባንያ በ1987 መድኃኒቱን ለሚያስፈልገው ሁሉ፣ እስከሚያስፈልግበት ጊዜ ድረስ፣ በነጻ እሰጣለሁ አለ። የመድኃኒት ኩባንያ ሲረግሙ መኖር ለለመድን ሰዎች ይህን መጻፍ ትንሽ ይከብዳል፤ ግን ቃሉን ጠብቋል።

ችግሩ ወዲህ ነው። ክኒኑ ልጆቹን እንጂ ዋናውን ትል አይገድልም። ለጊዜው መውለድ ያስቆመዋል፤ ከወራት በኋላ ይቀጥላል። ስለዚህ ትሉ አርጅቶ እስኪሞት፣ 10 እና 15 ዓመት፣ በየዓመቱ ክኒኑን መዋጥ ግድ ነው። አንድ ሰው ብቻ ሳይሆን መንደሩ በሙሉ። ለዚህ ሥራ የትኛው ሐኪም ነው የሚመላለሰው? በሶማሌና በአፋር ተንቀሳቃሽ የጤና ቡድን በላንድክሩዘር ከከብት አርቢው ጋር ይዞራል። ሸካ ጫካ ውስጥ ላንድክሩዘሩ የሚደርሰው አስፋልቱ ወይም ጠጠሩ እስካለበት ነው። ከዚያ ወዲያ ጭቃ፣ ገደል፣ ድልድይ የሌለው ወንዝ።

በ2001 በካፋና በሸካ የተጀመረው ዘዴ ሐኪሙን ማዞር ተወ። ክኒኑ ራሱ ይዙር ተባለ። በካርተር ማዕከልና በላየንስ ክበቦች ድጋፍ፣ በጤና ቢሮዎች በኩል፣ መንደሩ ከራሱ መካከል መድኃኒት አዳይ እንዲመርጥ ተደረገ። ሚዛንም በርዋስ ያለ መታለፍ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ተከተለች። ሚዛን የለም፣ ምርመራ የለም፤ አዳዩ የያዘው መዝገብ፣ የክኒን ብልቃጥና ዘንግ ነው። ዘንጉ ቀለም የተቀባ መለኪያ ነው። ቁመቱ ከ90 ሴንቲሜትር በታች የሆነ ሕፃን አይሰጠውም። እስከ 119 አንድ፣ እስከ 140 ሁለት፣ እስከ 158 ሦስት፣ ከዚያ በላይ አራት ክኒን። ነፍሰ ጡር፣ በወለደች በመጀመሪያው ሳምንት ያለች እናትና በጠና የታመመ ሰው አይወስዱም። በቃ፤ ማንበብ የሚችል ሰው ሁሉ የሚሠራው ነው።

ዘንጉን ከቴፒ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ አይቼዋለሁ፤ ከጎጆው ግድግዳ ጋር ከመቆፈሪያ ጎን ተደግፎ። ባለቤቱ ወጣት ገበሬ ነው። "ጋሼ፣ ይቁሙ ልለካዎት" አለኝና ለካኝ። "እርስዎ አራት ነዎት።" ስንት እንደሚከፈለው ጠየቅሁት። ሳቀ። "የአጎቴን ልጆች ስለካ ማን ይከፍለኛል?" አለ። መልሱ ያምራል፤ ሲደጋገም ግን ይቆረቁራል። በዚህ አገር ነጻ ሥራ የሚጠየቀው ሁልጊዜ የጫካው ሰው ለምን እንደሆነ እንጃ። ለስብሰባ የሚመጣው ባለሙያ አበል አለው።

የመጀመሪያው ዓመት ቀላል አልነበረም። መድኃኒቱ ሲወሰድ በቆዳ ውስጥ ያሉት ትሎች በአንድ ጊዜ ስለሚሞቱ ማሳከኩ ይብሳል፣ ፊት ያብጣል። ለማሳከክ ብሎ ውጦ ይባሱኑ ሲያሳክከው ሰው ምን ይበል? የመንግሥት መድኃኒት ሰው እየጨረሰ ነው ይላል። ክኒኑን ያዳነው ሌላ ባሕርይው ነው፤ ወስፋትን ያስወጣል። እኛ በኮሶ ያደግን ሕዝብ ነን፤ መድኃኒትን የምንመዝነው ባስወጣው ነገር ነው። የወጣውን በዓይኑ ያየ ሰው በዓመቱ ልጆቹን ይዞ ይመጣል።

መተማመኑ ግን በወስፋት ብቻ አይገኝም። ዕደላው በተጀመረ በዓመቱ፣ በመጋቢት 2002፣ ቴፒ ባለችበት በየኪ ወረዳ በአስተዳደር ጥያቄ በተነሣ ግጭት ከሸኮና ከማጃንግ ወገን ብዙ ሰው በታጣቂዎች እጅ ሞተ። ከዚያ በኋላ "መንግሥት የላከው ክኒን ነው፣ ዋጥ" የሚለውን ቃል አስቡት። ቃሉ ከአጎት ልጅ አፍ ሲወጣና ከእንግዳ ሠራተኛ አፍ ሲወጣ አንድ አይደለም። በእኔ ግምት የዚህ ዘዴ ትልቁ ጉልበት ርካሽነቱ ሳይሆን ይኸኛው ነው። በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀምሮ በየቀበሌው ሁለት ሴት ሠራተኞች ሲመደቡ አዳዩ የሚጠይቀው ሰው አገኘ፤ ጤና ኬላዋ ግን ከጫካው ጎጆ አሁንም የሰዓታት መንገድ ናት።

አሁን የቀረው ማነው? በ2012 እና 2013 ገደማ አገሪቱ በሽታውን መቆጣጠር ሳይሆን ማጥፋት ነው ዓላማዬ አለች፤ ዕደላውም በብዙ ወረዳዎች በዓመት ሁለት ጊዜ ሆነ። 2020 ይጠፋል ተብሎ የነበረው አልፏል። ማጥፋት ሲባል ደግሞ ሂሳቡ ይለወጣል። ለመቆጣጠር ብዙኃኑ ከወሰደ ይበቃል፤ ለማጥፋት ግን ጉዳዩ መዝገብ ውስጥ የሌለው ሰው ነው።

ማጃንጉ መሬቱ ሲደክም ቦታ ይለውጣል፣ ቀፎውን ተከትሎም ጫካ ይገባል። አሜሪካዊው ጃክ ስታውደር በ1971 ባሳተመው መጽሐፍ የገለጻቸው እንዲህ የሚንቀሳቀሱ ትንንሽ ሰፈሮችን ነበር፤ ዛሬ ብዙው በቀበሌ ቢሰፍርም ሁሉም አይደለም። የቡና ለቃሚው በመኸር ይመጣል፣ መኸሩ ሲያልቅ ይሄዳል፤ በየትኛው መንደር መዝገብ ይጻፍ? በካፋና በሸካ ደግሞ ማንጆ የሚባሉ ወገኖች አሉ፤ በአደን፣ በማር፣ በከሰልና በማገዶ ሲኖሩ የቆዩ። የአውሬ ሥጋ ይበላሉ ተብለው ጎረቤት ከቤቱ አያስገባቸውም፣ በዕቃው አያበላቸውም ነበር፤ ዛሬም ነገሩ ጨርሶ አልቀረም። አዳይ የሚመርጠው መንደሩ ነው። ክኒን ያለ ውሃ አይዋጥም። ታዲያ ዋንጫው የማነው? ይህን የሚጠይቅ ቅጽ ያለ አይመስለኝም፤ ሊኖር ይገባል።

የእኛ ብቻ እንዳይመስለን። በላቲን አሜሪካ ኮሎምቢያ በ2013፣ ኢኳዶር በ2014፣ ሜክሲኮ በ2015፣ ጓቲማላ በ2016 ነጻ ወጡ። የቀረው በብራዚልና በቬኔዝዌላ ድንበር የያኖማሚ ሕዝብ የሚኖርበት ጫካ ነው፤ ድንበር ሳያውቁ የሚዘዋወሩ ሰዎች። ከአፍሪካ ኒጀር በ2025 የመጀመሪያዋ ሆነች፤ ኒጀር ደግሞ የሸካ ዓይነት ጫካ የላትም።

መጥፋቱ የሚረጋገጠው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው የሕፃናት ደም ነው፤ ከ10 ዓመት በታች ካሉ ልጆች ውስጥ የበሽታው ምልክት ያለባቸው ከሺህ አንድ እንኳ መሙላት የለባቸውም። ሌላው ዝንቧ ራሷ ናት። እሷን ለመያዝ የሠለጠኑ የመንደሩ ሰዎች ከወንዝ ዳር ይቀመጣሉ፤ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው፣ በእጃቸው መሳቢያ ቱቦ ይዘው። ዝንቧ ቅልጥማቸው ላይ ስታርፍ፣ ከመንከሷ በፊት፣ ይዘዋት ብልቃጥ ውስጥ ይከታሉ። ብልቃጡ በሰዓቱ ይጻፍበትና አዲስ አበባ ይላካል። ሰዎቹ ከጠዋት እስከ ማታ እዚያው ናቸው።