የፍሬን መዛል

ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ በአሮጌ ሞተር ሳይክል የወረደ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ቁልቁለቱ ሲጀመር የፊት ፍሬኑ ገና ሲነኩት ይይዛል። ጥቂት ጥምዝ እንደታለፈ እጀታው ጠለቅ ይላል፤ ቆይቶ እስከ መሪው ቢጨመቅም ሞተር ሳይክሉ መንሸራተቱን አይተውም። የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ ይመጣል። ታች ዓባይ ድልድይ ዘንድ ቆሞ ካረፈ በኋላ ደግሞ ያው ፍሬን ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ይይዛል።

ፈረንጆቹ ይህን «ብሬክ ፌድ» ይሉታል። እኛ ዘንድ ሁሉም ነገር «ፍሬን በጠሰ» ነው፤ እዚህ ግን የተበጠሰ ነገር የለም። ሸክም የበዛበት ክንድ እንደሚዝለውና ሲያርፍ እንደሚመለሰው ነውና «የፍሬን መዛል» ብንለው ይገልጸዋል። «በጠሰ» የተባለ መካኒክ ሽቦ ይቀይራል፤ «ዛለ» የተባለ ግን ታምቡሩን፣ ሸራዎቹ ከውስጥ የሚጫኑትን ክብ ብረት፣ ይከፍታል።

የሚያዝለው ሙቀት ነው። ደጀን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ድልድዩ ከ1,000 ብዙም አይርቅም። ሞተር ሳይክሉ፣ ነጂውና ጭነቱ አንድ ላይ 200 ኪሎ ቢሆኑ፣ በዚያ ቁልቁለት የሚለቀቀው ጉልበት ከ7 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውኃ ያፈላል። ከፊሉን ነፋሱና ሞተሩ ይወስዱታል፤ የቀረው ፍሬኑ ላይ ያርፋል። ቁልቁለት ላይ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚያዘነብል ዋናውን ሥራ የሚሠራው የፊተኛው ነው።

እንደ ያማሃ ኤጂ 100 ባሉ የቆዩ ሞተር ሳይክሎች ላይ የፊት ፍሬኑ ታምቡር ነው። ታምቡር ሲግል ይሰፋል፤ ሰፍቶም ከሸራው ይሸሻል፣ እጀታው የሚጠልቀው ለዚህ ነው። ሸራውም ሲግል መያዙን ይቀንሳል። ከዚህ የባሰው፣ የሚዞረው ታምቡር አንዱን ሸራ ወደ ራሱ ስቦ ያግዘው ነበር፤ ሸራው መንሸራተት ሲጀምር ያ እገዛም አብሮ ይከዳል። ሆንዳ በ1969 እ.ኤ.አ. ሲቢ 750ን ከፊት በዲስክ ፍሬን ያወጣው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ዲስክ ነፋስ ላይ የተሰጣ ነው።

ታምቡር ያለው ሰው ግን ተስፋ አይቆርጥም። ቸርኬው ወጥቶ ሲከፈት ውስጡ ያለውን አቧራ በኮምፕሬሰር አይንፉት። የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። መስታወት መስሎ ያብለጨለጨ ሸራ አስቤስቶስ ከሌለበት በብርጭቆ ወረቀት ሻከር ይደረጋል፤ ግራሶ የጠጣ ከሆነ ግን ይጣላል፣ በቤንዚን ቢያጥቡትም አይድንም። ሸራዎቹን የሚከፍተው ዘንግ ጥቂት ግራሶ ይበቃዋል። ሲገጠም የፔርኖውን ዳዶ ላላ አድርጎ፣ ቸርኬውን አዙሮ፣ ፍሬኑን ጨምቆ እንደያዙ ማጥበቅ ነው። ሁለቱ ሸራዎች ታምቡሩ መሐል የሚቀመጡት እንዲህ ነው፤ ብዙዎች የሚዘሏትም ይህችኑ ነው።

መንገድ ላይ የሚሠራው ትልቁ ጥፋት እጀታው ሲጠልቅ እዚያው ቁልቁለቱ ላይ ሽቦውን ማጥበቅ ነው። ታምቡሩ ሲቀዘቅዝ ይጠባል፤ የጠበቀው ሸራ ተጣብቆ የፊት ጎማውን ሊቆልፈው ይችላል። በጋለ ታምቡር ላይ ውኃ ማፍሰስም ብረቱን ሊሰነጥቅ ይችላል። ጥላ ፈልጎ መቆም ይሻላል።

ሲወርዱ ማርሹን ከመነሻው ዝቅ አድርጎ፣ ፍሬኑን እየያዙ እየለቀቁ ነው። ቤንዚንና ዘይት አብሮ የሚያነድ ባለ ሁለት ምት ሞተር ላይ ግን ጋዙን ዘግቶ ረጅም ቁልቁለት መውረድ ፒስተኑን ዘይት ያስርበዋል፤ በየመሐሉ ጋዝ ቁንጥር ማድረግ ያስፈልጋል።