ትክል ድንጋዮችና የቆሙበት ምክንያት

ድንጋይ ጠርቦ ማቆም በየአህጉሩ የኖሩ ሕዝቦች፣ ብዙውን ጊዜ አንዱ ከሌላው ሳይማር፣ የፈጸሙት ተግባር ነው። ስለዚህም በመልክ የሚመሳሰሉትን ሁሉ በአንድ ዓላማ መተርጎም ቀላል ይመስላል። ነገር ግን የቆመ ድንጋይ የሕግ ማወጂያ፣ የአምላክ ክብር መግለጫ፣ የመቃብር ምልክት ወይም የትውልድ መቁጠሪያ ሊሆን ይችላል፤ ከእነዚህ የትኛው እንደ ሆነ መልኩ ብቻውን አይነግረንም።

ጽሑፍ ያለበት ድንጋይ ለተመራማሪው ከሁሉ የቀለለ ነው። የባቢሎኑ ንጉሥ የሐሙራቢ ሕግ የተቀረጸበት ጥቁር ድንጋይ ቁመቱ 2.25 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከራስጌው ንጉሡ በፍትሕ አምላክ በሻማሽ ፊት ቆሞ ይታያል፤ ከዚያ በታች ሕጉ ተዘርዝሯል። ኤላማውያን ማርከው ወደ ሱሳ ስለ ወሰዱት፣ የፈረንሳይ አርኬዎሎጂስቶች ከ1901 እስከ 1902 (እ.ኤ.አ.) ሲያገኙት በትውልድ አገሩ አልነበረም። ቢሆንም ማን እንዳቆመውና ለምን እንዳቆመው ለመረዳት አላስቸገረም። እ.ኤ.አ. በ1836 በፓሪስ አደባባይ የተተከለው የሉክሶር ሐውልትም የዳግማዊ ራምሴስን ስም ዛሬም ይናገራል። የተጻፈበት ድንጋይ ቢሰደድ እንኳ አንደበቱን ይዞ ይሰደዳል።

የአክሱም ታላላቅ ሐውልቶች ግን የአቋሚያቸው ስም አልተጻፈባቸውም። ወድቆ የሚገኘው ትልቁ 33 ሜትር ያህል ርዝመትና 520 ቶን ገደማ ክብደት አለው። የተጠረበው 13 ደርብ ያለው ሕንፃ መስሎ ነው፤ በሩና መስኮቱ፣ የአግዳሚ እንጨቶቹ ጫፍ ሳይቀር ተቀርጸውበታል። እነዚህ ሐውልቶች የመቃብር ምልክት መሆናቸውን ያስረዱን በዙሪያቸው ከመሬት በታች የተገኙት የመቃብር ክፍሎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1937 ወደ ሮማ ተወስዶ የነበረው 24 ሜትር የሚያህለው ሐውልት በ2005 ተመልሶ በ2008 ሲቆም፣ ጉዳዩ የብሔራዊ ክብር ብቻ አልነበረም፤ ድንጋዩ ከመቃብሮቹ ጋር የነበረው ዝምድናም ታደሰ።

ከዚህ ይልቅ የሚያከራክረው ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ፣ በሶዶ የሚገኘው የጢያ ትክል ድንጋይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ይህ ሥፍራ 36 ድንጋዮች ሲኖሩት፣ 32ቱ ቅርጽ አለባቸው፤ ከቅርጾቹም ጎልቶ የሚታየው ሰይፍ ነው። አፈ ታሪክ ድንጋዮቹን ከአሕመድ ኢብን ኢብራሂም፣ ማለትም ከግራኝ ጋር ያያይዛቸዋል። ይሁን እንጂ በፈረንሳዊው አርኬዎሎጂስት በሮዤ ዦሶም መሪነት የተካሄደው ቁፋሮ ከሥራቸው መቃብሮችን አሳይቷል፤ የመቃብሮቹም ዘመን ከ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጦርነት አስቀድሞ መሆኑ ታውቋል። እንግዲህ አፈ ታሪኩ ስለ ድንጋዮቹ አሠራር ሳይሆን፣ ያ ጦርነት በሕዝቡ ኅሊና ስለ ተወው ጠባሳ ምስክር ነው ማለት ይቻላል፤ በዚህ ረገድ ተንቆ የሚጣል አይደለም። የሰይፎቹ ብዛት ሟቹ የገደላቸውን ጠላቶች ቁጥር ያመለክታል የሚለው አባባል ግን ማራኪ ግምት እንጂ የተረጋገጠ ነገር አይደለም። አስጎብኚዎች እርግጠኛ ሆነው ሲናገሩት አንባቢ ጥቂት ቢጠራጠር አይከፋም።

ለእንዲህ ያለው ግምት መነሻ ሊሆን የሚችል ልማድ በኮንሶ አለ። በዚያ ዋካ የሚባለው የእንጨት ምስል የጀግናን ገድል ሲያስታውስ፣ የሚቆመው ድንጋይ ደግሞ የኃላፊነት ከትውልድ ወደ ትውልድ መተላለፍን ያመለክታል። በአንድ ሕዝብ ዘንድ እንኳ እንጨቱና ድንጋዩ የተለያየ ተግባር ካላቸው፣ የኮንሶን ልማድ ወደ ሶዶ ወስዶ ማስረጃ ማድረግ አይቻልም።

በጌዴኦ እጅግ ብዙ ትክል ድንጋዮች ይገኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ከእነዚህ ሥፍራዎች አንዱ የሆነውን የሳካሮ ሶዶን ዘመን ወደ አንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን አድርሶታል፤ ይህም ቀድሞ ይገመት ከነበረው በአንድ ሺህ ዓመት ያህል ይርቃል። እንዲህ ያለው ውጤት የሚገኘው ድንጋዩ ከተተከለበት አፈር ጋር እስካለ ድረስ ነው። ጽሑፍ የሌለበት ድንጋይ ለአጥር ወይም ለቤት መሠረት ሲነሳ፣ ለጌጥ ወደ ግቢ ሲወሰድም ቢሆን፣ የቆመበት ምክንያት እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ ይቀራል። ተማሪዎቹን ለጉብኝት የሚወስድ መምህር የወደቀ ድንጋይ ቢያገኝ፣ እንዲቃና ከማድረጉ በፊት የወደቀበትን አቅጣጫና ሥሩ ያለበትን ቦታ በደብተር አስመዝግቦ ለአካባቢው የባህል ጽሕፈት ቤት ቢያሳውቅ ይመረጣል።