መቃብሩ ያልታወቀ ወጣት ወታደር

በ1928 ዓመተ ምሕረት መጋቢት 22 ቀን በማይጨው በሆነው ጦርነት የክብር ዘበኛ ወጣቶች ከንጉሠ ነገሥቱ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋራ ተሰልፈው፥ ሊነጋ ሲል ጀምረው እስኪመሽ ድረስ ከኢጣልያ ጦር ጋራ ተዋጉ። ጦሩ በአሸንጌ ሐይቅ በኩል በተመለሰ ጊዜም የጠላት አይሮፕላኖች ቦምብ ጣሉበት፤ መርዝም ረጩበት። ስለዚህ ብዙው ወጣት በወደቀበት ቀረ፤ እናቱ ሬሳውን አላየችም፤ ካህናትም በመቃብሩ ላይ ቆመው ጸሎተ ፍትሐት አላደረሱለትም።

ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን ሙታንን የምታስበው በክርስትና ስማቸው ነው እንጂ በመቃብራቸው ምልክት አይደለም። ወንድ ልጅ በተወለደ በዐርባ ቀኑ ተጠምቆ ስም ይቀበላል፤ በሞተ በዐርባ ቀኑም በዚያው ስም ተዝካሩ ይወጣል። ሬሳው ላልተገኘ ወታደር የቀረው ርስት ይህ ስም ብቻ ነው።

ይህንንም ስም የሚያውቁት እናቱ፥ የክርስትና አባቱና የነፍስ አባቱ ነበሩ፤ እነርሱም ዐረፉ። የቤተ ዘመዱ ልጆች የሚያስታውሱት ጓደኞቹ ይጠሩት የነበረውን ስም ነው። እንግዲህ የወደቀ ዘመዱን የክርስትና ስም የሚያውቅ ምእመን ሁሉ ለካህናት ይንገር፤ ካህናትም ይጻፉት። ዐጥንቱ በማይጨው አፈር ቢሰወር፥ ስሙ ከመቅደስ አይሰወር።